ልቡ የታመመ ሰውና የደጋው ብርድ

ደገኛ ሰው አገሩን ሲያመሰግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣው አየሩን ነው። «አገራችን ጤና ነው፤ ውሃው ቀዝቃዛ፥ ነፋሱም ንጹሕ፥ ወባውም ከኛ የራቀ ነው» ይላል። ይህ ምስጋና ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ ዳር ባለው በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሕዝብ ፈጅቶ ነበር። በማግሥቱ ዓመት በ1954 በጎንደር ከተማ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እንዲከፈት ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ያ መከራ ነው። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ታላቅ ትምህርት ቤትም ከዚያ ኮሌጅ የበቀለ ነው።

ነገር ግን ደጋም የራሱ ጠላት አለው፤ እርሱም ብርድ ነው። ጤነኛ ሰው ብርዱን በጋቢና በእሳት፥ በሥራና በእርምጃ ያሸንፈዋል። ልቡ የታመመ ሰው ግን የብርዱን ዕዳ የሚከፍለው ከልቡ ኀይል ቀንሶ ነው። ስለዚህ በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልቡ የታመመ ዘመዳቸውን ከብርድ እንዴት አድርገው እንደሚጠብቁት ጥቂት ቃል ለመናገር አስበናል። የቤት እመቤቶችና አባወራዎች ነገሩን በማስተዋል እንዲያነቡልን እንለምናለን።

የአገሩ ብርድ

የጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል ከ2100 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። ከዚያ ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስ በኩል የወገራን ደጋ አቋርጦ፥ ዳባትንም አልፎ ደባርቅ የሚደርስ መንገደኛ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በዚህም ጉዞ አገሩ እየከፈተ፥ ነፋሱም እየበረታ ሲሄድ ይሰማዋል። ደባርቅ ዛሬ የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ከፍታዋም ከ2700 ሜትር ይበልጣል። ከዚያም በላይ የሰሜን ተራሮች አሉ፤ ራሳቸውም ራስ ደጀን ከ4500 ሜትር የሚያልፍ የኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራራ ነው።

በዚህ አገር ብርድ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል። አንደኛው የክረምቱ ብርድ ነው፤ እርሱም እርጥብ ነው። ዝናብና ጭጋግ ልብሱንም፥ ማገዶውንም፥ የቤቱንም ግድግዳ ያረጥባሉ። ሁለተኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው የበጋው ውርጭ ነው። ቀን ፀሐይ ታቃጥላለች፤ ማታ ግን ሰማዩ ጥርት ብሎ ሲያድር ሙቀቱን የሚይዝ ደመና ስለ ሌለ ምድር በቀን የጠጣችውን ሙቀት ሁሉ ወደ ላይ ትለቀዋለች። ንጋት ላይ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ይታያል። በሰሜን ተራሮች ከፍተኛ ቦታዎች በእነዚህ ወራት ሌሊቱ ውሃ እስኪረጋ ድረስ ይበርዳል።

የፈረንጅ መጽሐፍ «በክረምት ተጠንቀቁ» ሲል በኛ አገር የዝናቡ ወራት ብቻ እንዳይመስለን ማሰብ ያሻል። ለኛ ደገኛ ሕመምተኛ ከክረምቱ ይልቅ የታኅሣሥና የጥር ማለዳ ሊያስፈራ ይችላል።

ብርድ በልብ ላይ የሚያደርገው ሥራ

ልብ የሰውን ጡጫ የሚያህል ሥጋ ነው፤ ሥራው ግን ከመጠኑ እጅግ ይበልጣል። በአንድ ቀንና ሌሊት መቶ ሺህ ጊዜ ያህል እየመታ ደሙን በሰውነት ሁሉ ይነዳል። ብርድ ሰውነትን በነካ ጊዜ በቆዳ ሥር ያሉት ደም ሥሮች ይጠባሉ። ይህም ሙቀቱ ወደ ውጭ እንዳይባክን ሰውነት የሚያደርገው ጥበብ ነው። ነገር ግን በጠበበ ቦይ ውሃ ማሳለፍ ብርቱ ግፊት እንደሚፈልግ ሁሉ፥ ደሙን በጠበበው ሥር ለማሳለፍ ልብ አብልጦ መግፋት ይኖርበታል። ስለዚህ የደም ግፊት ይጨምራል። ሰውነት ሲንቀጠቀጥም ያ መንቀጥቀጥ ራሱ ሥራ ስለ ሆነ ልብን ተጨማሪ ደም ያስፈልገዋል ብሎ ይጠይቀዋል። ከዚህም ጋራ በብርድ ጊዜ ደም የመወፈርና የመርጋት ጠባይ ያሳያል፤ የልብን ሥጋ የሚመግቡት ሥሮች የጠበቡበት ሰውም በውርጭ ሲሄድ ደረቱን ጭምቅ የሚያደርግ ሕመም ይይዘዋል።

ነገሩ በሌላው ዓለም ከታወቀ ቆይቷል። በለንደን ከተማ የነበረ ዊልያም ኸበርደን ልጁ የሚባል ሐኪም፥ እጅግ ብርቱ ብርድ የነበረበትን የጥር ወር 1795ን ቀዝቃዛ ካልነበረው የጥር ወር 1796 ጋራ አስተያይቶ፥ በብርዱ ወር የሞተው ሰው በሌላው ወር ከሞተው እጅግ እንደ በለጠ፥ ይልቁንም በሽማግሌዎች ላይ እንደ ጸና ጽፏል። ከዚያ ወዲህ የመጡ ሐኪሞችም በየአገሩ መርምረው በብርድ ወራት የልብ ሕመምና የአንጎል ደም ሥር ሕመም እንደሚጨምር አረጋግጠዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 ባወጣው ምክር ሰው የሚኖርበት ቤት በብርድ ወራት ሙቀቱ ከ18 ዲግሪ ባይወርድ መልካም ነው ብሏል።

በዚህ ላይ ደገኛው ሌላ ነገር አለበት። በ3000 ሜትር ከፍታ አንድ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳር አገር ከሚያገኘው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ ከጓደኞቻቸው ጋራ በሰሜን ተራሮች 3530 ሜትር ላይ በምትገኘው በአምባራስ የሚኖሩትን ሰዎች መርምረው በ2002 ያሳተሙት ጽሑፍ፥ የእነዚህ ደገኞች ደም በዝቅተኛ አገር እንደሚኖር ሰው ደም በኦክስጅን የተሞላ ሆኖ መገኘቱን ገልጿል። እንግዲህ አባቶቻችን በዚህ ከፍታ ብዙ ዘመን ስለ ኖሩ የጤነኛው ደገኛ ሰውነት አገሩን ለምዶታል። የታመመ ልብ ግን ይህን ጸጋ ሊያድነው አይችልም። ሰውነቱ አገሩን የለመደ ቢሆንም መዝጊያው የተበላሸ ልብ በከፍታውም በብርዱም ቶሎ ይደክማል።

የኛ አገር የልብ ሕመም

በባለጸጎች አገሮች የልብ ሕመም ይልቁንም የሽማግሌዎች ሕመም ነው። በኛ አገር ግን ብዙ ጊዜ የሚይዘው ልጆችንና ወጣቶችን ነው። ልብ በውስጡ ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክሉ፥ ሐኪሞች ቫልቭ የሚሏቸው አራት መዝጊያዎች አሉት። የሚበላሹትም እነርሱ ናቸው። ጥፋቱ የሚጀምረው ከልብ አይደለም፤ ከጉሮሮ ነው።

በብርድ ወራት ልጆች በአንድ ቤት ተጠጋግተው፥ በአንድ መደብ ላይ ተቃቅፈው ያድራሉ። ከመካከላቸው አንዱ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ጀርም ጉሮሮውን ቢያሳምመው በሳልና በትንፋሽ ለሌሎቹ ያካፍላል። የብዙዎቹ ጉሮሮ በጥቂት ቀን ይድናል። በአንዳንዱ ልጅ ላይ ግን ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ትኩሳት ይመጣል፤ ጉልበቱ ያብጣል፤ እርሱ ሲሻለው ደግሞ ቁርጭምጭሚቱ፥ ቀጥሎም ክርኑ ያመዋል። ሐኪሞች ይህን ሩማቲክ ትኩሳት ይሉታል። ሰውነት ጀርሙን ለመውጋት ያወጣው ኀይል ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያና የልቡን መዝጊያዎች ይወጋል። የጉልበቱ እብጠት ያልፋል፤ የልቡ ጠባሳ ግን ይቀራል። ይህም ሕመም አብልጦ የሚይዘው ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 15 ዓመት የሆነውን ልጆች ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ በጥንቃቄ እንዲመለከትልን የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። በአገራችን ጉልበቱ ያበጠውን ልጅ «ብርድ መታው» ይሉታል። ጉልበቱን በቅቤ አሽተው፥ በጋቢ ጠቅልለው ያስተኙታል። ልጁም ሲሻለው ብርዱ ወጣለት ይባላል። «ብርድ» የሚለው ቃል እውነተኛውን ሕመም እንደ መጋረጃ ይሸፍነዋል። ከብዙ ዓመት በኋላ ያ ልጅ ጎልምሶ ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ቢያጥረው፥ ያ የጉልበት እብጠት የዚህ መጀመሪያ ነበር ብሎ የሚያስታውስ አይገኝም። እንግዲህ ብርድ በማያደርገው ነገር ይከሰሳል፤ የሚያደርገውን ክፉ ነገር ግን የሚያስተውለው ጥቂት ሰው ነው።

በአንድ ቤት የሚሆነው ነገር

ነገሩ እንዲገለጥ አንድ ቤት በአሳባችን እንመልከት። በዳባትና በደባርቅ መካከል ካሉት መንደሮች ባንዱ ያለ ቤት ይሁን። የታወቀ የማንም ሰው ቤት አይደለም፤ የሚመስሉት ቤቶች ግን ብዙዎች ናቸው።

በዚያ ቤት ሃያ ዓመት የሆናት ሙሽራ አለች። በልጅነቷ ጉልበቷ አብጦ ነበር። አሁን ሐኪም መርምሮ የልቧ መዝጊያ ተጎድቷል ብሎ በየወሩ ወደ ጤና ጣቢያ እየሄደች መርፌ እንድትወጋ አዟታል። ወሩ ታኅሣሥ ነው። ዶሮ ሲጮኽ ተነሥታ ባለ ሃያ ሊትሩን ጀሪካን ይዛ ወደ ምንጭ ትወርዳለች። ስትመለስ ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ ታርፋለች። ከቤት ስትደርስ ከንፈሯ ጠቁሯል።

አማቷ ደግ ሴት ናቸው። «ልጄ፥ ብርድ መትቶሽ ነው፤ አንድ መለኪያ አረቄ ቅመሽበት፥ ይሞቅሻል» ይሏታል።

«እሺ እማማ፤ ነገ ግን የመርፌዬ ቀን ነው» ትላለች።

«በዚህ ውርጭ ወዴት ትሄጃለሽ? ደግሞ ብርዱ ይጨምርብሽ? ለሚመጣው ወር ይደርሳል» ይሏታል።

አማቲቱ የተናገሩት ከክፋት አይደለም፤ ከፍቅር ነው። ነገር ግን በአንድ ማለዳ ሦስት ጥፋት ሆኗል። ምራቲቱ ከሁሉ በሚከፋው ሰዓት ከሁሉ የሚከብደውን ሸክም ተሸክማለች፤ የማያሞቀውን መጠጥ ለሙቀት ብላ ጠጥታለች፤ ብርዱን ፈርታ መድኃኒቷን ትታለች። ከሦስቱም የሚብሰው የመጨረሻው ነው። መርፌው የሚሰጣት ያ የጉሮሮ ጀርም ዳግመኛ መጥቶ የተጎዳውን መዝጊያ እንደገና እንዳይጎዳው ነው። ጀርሙም የሚበዛው በዚያው ሰው በተጠጋጋበት የብርድ ወር ነው። ስለዚህ መርፌው ሊቀር የማይገባበት ወር ቢኖር ያ የቀረበት ወር ነው።

ይህ ቤት በጥቂት ነገር ሊስተካከል ይችላል። ባልየው ውሃውን ይቅዳ፤ ወይም ፀሐይ ከሞቀች በኋላ በትንንሽ ዕቃ ይቀዳ። አማቲቱ አረቄውን በትኩስ አጥሚት ይለውጡት። አማቷም አባት በቅሎውን ጭነው ረፋድ ላይ ወደ ጤና ጣቢያ ያድርሷት። ይህን ሁሉ ለማድረግ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው የቤቱ ሰዎች ተመካክረው ሥራውን እንደገና መከፋፈላቸው ነው።

የቤቱ፥ የልብሱና የምግቡ ጥንቃቄ

1ኛ፤ ስለ ቤት። ሕመምተኛው የሚተኛበት መደብ ወይም አልጋ ከበርና ከነፋስ መግቢያ ይራቅ። የግድግዳው ስንጥቅ ከውርጭ ወራት አስቀድሞ በጭቃ ይመረግ። ከመሬት የሚወጣው ቅዝቃዜ ከነፋሱ ያላነሰ ስለ ሆነ በመደቡ ላይ ደረቅ ገለባ፥ በላዩም አጎዛ ወይም ቁርበት ይነጠፍ። ልብ የደከመ ሰው ጠፍጣፋ ሆኖ ሲተኛ ትንፋሽ ስለሚያጥረው ከራሱና ከጀርባው በታች ብዙ መደገፊያ ይደረግለት።

2ኛ፤ ስለ እሳት። እሳት ወዳጅ ነው፤ ጢሱ ግን ጠላት ነው። የኩበትና የእንጨት ጢስ ሳምባንም ልብንም ይጎዳል። ከሁሉ የሚያስፈራው ከሰል ነው። በሩና መስኮቱ በተዘጋ ቤት ከሰል አንድዶ መተኛት ሽታም መልክም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ያወጣል። ይህ መርዝ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ስፍራ ስለሚወስድ ጤነኛውንም ሰው በእንቅልፉ ይገድለዋል፤ ልቡ የታመመውንማ አስቀድሞ ይጎዳዋል። ስለዚህ ቤቱ ከመኝታ በፊት ይሙቅ፤ እሳቱ ወደ ውጭ ይውጣ፤ ከዚያ በኋላ በሩ ይዘጋ። ለሌሊት ሙቀት ትኩስ ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ፥ አፉን አጥብቆ ከድኖ፥ በጨርቅ ጠቅልሎ ከእግር አጠገብ ማኖር ይቻላል። ያበጠ እግር ቃጠሎን ቶሎ አያውቅምና ጠርሙሱ ቆዳውን እንዳይነካ ይሁን።

3ኛ፤ ስለ ልብስ። ሙቀትን የሚጠብቀው የልብሱ ክብደት ሳይሆን በልብሱ መካከል የሚታሰረው አየር ነው። አያቶቻችን ጋቢን አራት እጥፍ አድርገው የሠሩት ይህን በልምድ ስላወቁ ነው። ስለዚህ ከአንድ ወፍራም ልብስ ይልቅ ሁለት ሦስት ሳሳ ያሉትን ደርቦ፥ በላዩ ጋቢ ወይም የበግ ጠጉር ባና መጣል ይሻላል። ራስ፥ አንገት፥ እጅና እግር እንዳይረሱ፤ ባዶ እግር በአመዳይ ላይ መሄድ ለልብ ሕመምተኛ የተከለከለ ነው። በማለዳ መውጣት ግድ ቢሆን አፍንጫንና አፍን በነጠላ መሸፈን የሚገባውን አየር ያለዝበዋል። በዝናብ የራሰ ልብስ እንደ ተገባ ወዲያው ይለወጥ።

4ኛ፤ ስለ ምግብና መጠጥ። ሆድን አስጨንቆ ከመብላት ትኩሱን ምግብ ጥቂት ጥቂት አድርጎ ደጋግሞ መብላት ይሻላል። ጨው ግን ይቀነስ። ጨው ውሃን በሰውነት ውስጥ ይይዛል፤ የተያዘውም ውሃ ለደካማ ልብ ሸክም ይሆናል፤ እግርም ያብጣል። ቡናን በጨው መጠጣት የለመደ ሰው ይህን ልማድ ይተው፤ ወጡም ለሕመምተኛው ጨው ሳይገባበት አስቀድሞ ይቀነስለት። ውሃ በልክ ጠጣ ብሎ ሐኪም ያዘዘው ሰው አጥሚቱንና ሾርባውንም ከልኩ ይቍጠረው።

አረቄን በተመለከተ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አረቄ የቆዳን ደም ሥሮች ስለሚከፍት ፊት ይሞቃል፤ ነገር ግን ያ ሙቀት ከውስጥ ወደ ውጭ እየወጣ የሚባክን ሙቀት ነው። ጠጪው ሞቀኝ ሲል ሰውነቱ ይበርዳል፤ የልቡም ምት ይታወካል። ትንባሆም ደም ሥርን ስለሚያጠብ ከብርዱ ጋራ ተባብሮ ይጎዳል።

5ኛ፤ ስለ ሥራ ሰዓት። ከእንቅልፍ እንደ ተነሡ ወደ ውርጭ መውጣት፥ ነፋስ ፊት ለፊት እየመታ ዳገት መውጣት፥ በብርድ ከባድ ሸክም ማንሣት፥ እነዚህ ሁሉ ብርድንና ድካምን ባንድ ጊዜ በልብ ላይ ይጭናሉ። የገብሱ ውቂያ በሚሆንበት ወራት ልቡ የታመመ ገበሬ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ቀላሉን ሥራ ይያዝ። እንዲሁም ብርድን ፈርቶ ቀኑን ሁሉ መተኛት አይገባም። ፀሐይ በሞቀች ጊዜ በሜዳ ላይ በዝግታ መራመድ፥ ሐኪም ካልከለከለ፥ ለልብ ይጠቅማል።

የጥምቀት ማለዳ

የጎንደር ሰው ሁሉ የሚናፍቀው ቀን ጥምቀት ነው። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ፤ ሕዝቡም ሌሊቱን በዝማሬና በጸሎት ያድራል። ጥር 11 ቀን ማለዳ ውሃው ሲባረክ ወጣቶች እየዘለሉ ይገቡበታል። ይህ በዓል በ2019 በዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የተጻፈ፥ የአገራችን ክብር ነው። ነገር ግን ሰዓቱ በዓመቱ ውስጥ ሌሊቱ እጅግ ከሚበርድባቸው አንዱ መሆኑን ልናስብ ይገባል።

በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በድንገት የገባ ሰው ትንፋሹ ሳይፈልገው ይቆራረጣል፤ የልቡ ምት ይፈጥናል፤ የደም ግፊቱም ወዲያው ይወጣል። ጤነኛው ጐረምሳ ስቆ ያልፈዋል። የልቡ መዝጊያ የተበላሸ፥ ግፊት ያለበት፥ ወይም ደረቱን የሚያመው ሰው ግን በዚያች ደቂቃ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። በረከቱ ግን ለዋናተኛው ብቻ የተሰጠ አይደለም። ካህናት የተባረከውን ውሃ በሕዝቡ ላይ ሲረጩ የሚያገኘው ሰው ሁሉ በዓሉን አክብሯል። ስለዚህ ሕመምተኛው ሌሊቱን በቤቱ አድሮ፥ ፀሐይ ስትወጣ በደንብ ለብሶ መጥቶ፥ በተቀመጠበት ይረጭ። ነጠላው ቢርስ ደረቅ መለወጫ ይያዝለት። በማለዳ ጠበል ለመጠመቅ የሚሄድ ሕመምተኛም አስቀድሞ ሐኪሙንና የንስሐ አባቱን ያማክር፤ ጠበል ጀመርሁ ብሎም መድኃኒቱን አያቋርጥ።

የመድኃኒት ቀንና የልጅ ጉሮሮ

መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከውርጭ ወራት አስቀድሞ፥ በመስከረምና በጥቅምት፥ ሐኪሙን አይቶ ግፊቱን ያስለካ። የመድኃኒቱ ቀን በማን እጅ እንደሚታሰብ በቤቱ ይወሰን፤ አንድ ተማሪ ልጅ ቀኑን ጽፎ በግድግዳ ላይ ቢለጥፈው መልካም ነው። የቫልቭ ሕመም ላለበት ሰው የሚሰጠው ፔኒሲሊን በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንት የሚወጋ ነው፤ ለአንዳንዱ ሕመምተኛ ግን እንክብል ይሻለዋልና ይህን የሚወስነው ሐኪም ነው።

በጎንደር ሆስፒታል ያገለገሉት ሐኪም ሽታዬ አለሙ ከሥራ ባልደረቦቻቸውና ከእንግሊዛዊው ፕሮፌሰር ኤልድሪድ ፓሪ ጋራ ሆነው፥ የልብ፥ የስኳር፥ የግፊትና የሚጥል በሽታ ሕመምተኞች ሁሉ ሩቅ መንገድ ወደ ከተማ ከሚጓዙ ይልቅ በየገጠሩ ጤና ጣቢያ ሠልጥነው በተቀመጡ ነርሶች እንዲታከሙ አድርገዋል። የዚህ ሥራ አሳብ ለደገኛ ሰው ምን ያህል እንደሚጠቅም ታኅሣሥ ውስጥ በወገራ ሜዳ በእግሩ የተጓዘ ሁሉ ይረዳዋል። መዝጊያው እጅግ የተበላሸበት ልጅ ግን ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለውና በዶክተር በላይ አበጋዝ ጥረት የተመሠረተው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ለዚህ የቆመ ነው። ወረፋው ረጅም ስለ ሆነ ከሁሉ የሚሻለው ልጁ ወደዚያ ከመድረሱ በፊት መከላከል ነው።

መከላከያውም ቀላል ነው። ልጅ ጉሮሮውን አሞት ሲያተኵስና መዋጥ ሲሳነው እንጥሉን ማስቆረጥ ወይም ቶንሲሉን ማስቧጠጥ ደም መፍሰስንና ሌላ በሽታን ያመጣል እንጂ ጀርሙን አይገድልም። ልጁ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ወደ ጤና ጣቢያ ደርሶ ተገቢውን መድኃኒት ቢያገኝ ሩማቲክ ትኩሳት እንዳይነሣበት ማድረግ ይቻላል። የታዘዘለትም እንክብል ከሆነ ሕመሙ ቢተወውም እስከ መጨረሻው ይጨርሰው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምሳሌ ለዚህ የተነገረ ይመስላል። ይህ ጉዳይ የኛ ብቻ እንዳልሆነ የሚያስረዳው፥ የዓለም የጤና ጉባኤ በ2018 አገሮች ሁሉ ሩማቲክ ትኩሳትንና ከእርሱ የሚመጣውን የልብ ሕመም ለማጥፋት እንዲተጉ መወሰኑ ነው።

ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም የሚያስኬድ ምልክት

ሕመምተኛው ሌሊት ትንፋሽ አጥሮት ተነሥቶ ቢቀመጥ፥ እግሩ ወይም ሆዱ በጥቂት ቀን ቢያብጥ፥ ከንፈሩ ቢጠቁር፥ ራሱን ስቶ ቢወድቅ፥ ወይም ደረቱን የሚጨምቅ ሕመም ወደ ግራ እጁና ወደ መንጋጋው ቢሄድ፥ ይህ «ብርድ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ፊቱ በአንድ ወገን ቢጣመም፥ አንድ እጁ ቢዝል፥ ወይም አንደበቱ ቢታሰርም እንዲሁ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ቀንም ቢሆን ሌሊት፥ ውርጭም ቢሆን ዝናብ፥ በደንብ ሸፍኖ ወደ ቅርቡ ሆስፒታል ማድረስ ያስፈልጋል። እርጉዝ የሆነች የልብ ሕመምተኛም ገና በመጀመሪያው ወር ለሐኪሟ መንገር ይገባታል፤ እርግዝና ራሱ በልብ ላይ ተጨማሪ ሥራ ነውና።

የደጋውን ብርድ ልናስቀረው አንችልም። ገብሱን የሚያበስለው፥ በጉን ጠጉር የሚያለብሰው አየር ያው ነውና ልንጠላውም አይገባም። ማድረግ የምንችለው ግን ብርዱ የሚያደርገውን ከማያደርገው መለየት ነው። የታመመው ልብ ከውርጭ ይጠበቅ፤ የልጁ ጉሮሮ ሳይታከም አይደር፤ ብርድን በመፍራትም የመድኃኒት ቀን አይለፍ። በመጪው ታኅሣሥ ማለዳ በአንዲት የደጋ ቤት ጀሪካኑን ከምራቲቱ እጅ ተቀብሎ «አንቺ ፀሐይ እስክትወጣ ተቀመጪ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ጤና ጣቢያው አብረን እንሄዳለን» የሚል አንድ ሰው ቢገኝ ይህን የጻፍንበት ድካም ዋጋውን አግኝቷል እንላለን።